እንስሳትን በውሃ ቀለምና በቅይጥ ቁሳቁስ መሳል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች የቀረቡት ጥያቄዎች መጠነኛ የሥዕል ልምምድ ኖሯቸው እንስሳትን በውሃ ቀለም መሳል የጀመሩ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው። መልሶቹ በምሳሌነት የሚጠቅሱት በአብዛኛው የደጋችንን እንስሳት፣ ማለትም ቀይ ቀበሮን፣ ጭላዳንና ዋልያን ሲሆን፣ አሠራሩ ግን ለበግም ለአህያም ለድመትም ያው ነው።

የውሃ ቀለም ስስና ፈሳሽ ነው፤ ጸጉርን የመሰለ ዝርዝር ነገር እንዴት ሊያወጣ ይችላል?

ያወጣል፤ ማስረጃውም የቆየ ነው። ጀርመናዊው ሠዓሊ አልብሬክት ዱረር እ.ኤ.አ. በ1502 የሣላት፣ ዛሬ ቪየና በሚገኘው አልበርቲና ሙዚየም የምትጠበቀው ጥንቸል የተሠራችው በውሃ ቀለምና በጉዋሽ፣ ማለትም ብርሃን በማያሳልፍ ወፍራም የውሃ ቀለም ነው። ዱረር አስቀድሞ መላ አካሏን በስስ ቡናማ ቀለም ካለበሰ በኋላ ጸጉሯን በጠቆሩና በነጡ ጭረቶች እየደራረበ አወጣው። ሥዕሏን አስተውሎ የተመለከተ ሰው በጆሮዋ፣ በደረቷና በታፋዋ ላይ ያለው ጸጉር ርዝመቱም አቅጣጫውም የተለያየ መሆኑን ያያል። ሥዕሏን ሕያው ያደረጋት ግን የጭረቶቹ ብዛት ሳይሆን ከጸጉሩ ሥር አጥንትና ሥጋ ያለው አካል መኖሩ ነው። አብዛኛው ጀማሪ የሚቸገረው ይህን ገልብጦ ስለሚጀምር ነው፤ አካሉ ሳይቆም ጸጉሩን መቁጠር ይጀምራል።

በውሃ ቀለም ላይ ነጭ ጉዋሽ ወይም ባለቀለም እርሳስ መጨመር ማጭበርበር አይሆንም?

አይሆንም። ነጩ ሁሉ ከወረቀቱ ብቻ መገኘት አለበት፣ ቀለሙም ከዳር እስከ ዳር ብርሃን የሚያሳልፍ መሆን አለበት የሚል ጠንካራ አቋም ያላቸው ሠዓሊያን አሉ፤ እነርሱ በሚያዘጋጇቸው አንዳንድ ውድድሮችም ሌላ ነገር የተጨመረበት ሥራ ተቀባይነት ስለማያገኝ ሥራ ከማስገባት በፊት ደንቡን ማንበብ ይገባል። ከዚያ ውጭ የእንስሳት ሥዕል ታሪክ ራሱ የቅይጥ ሥራ ታሪክ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አሜሪካዊው ጆን ጄምስ ኦዱቦን ወፎቹን ሲሥል የውሃ ቀለምን ከፓስቴል (ጠመኔ ከሚመስል የቀለም ዘንግ)፣ ከእርሳስና ከጉዋሽ ጋር በአንድ ወረቀት ላይ ያዋሕድ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ እኛን የሚመለከተን ግን በሕንድ የሙጋል ንጉሠ ነገሥት የጃሃንጊር ቤተ መንግሥት ሠዓሊ የነበረው ኡስታድ ማንሱር እ.ኤ.አ. በ1621 የሣላት የሜዳ አህያ ናት፤ እንስሳዋ ወደ ሕንድ የተወሰደችው ከሐበሻ ምድር ነበርና። ጃሃንጊር በሥዕሏ ላይ በጻፈው ማስታወሻ ከሚር ጃፋር ጋር የመጡ ቱርኮች ከሐበሻ እንዳመጧት ገልጿል፤ በታሪክ ማስታወሻውም አንዳንድ ሰዎች በሰውነቷ ላይ ያሉትን መስመሮች ሰው የቀባቸው መስሏቸው እንደነበር፣ ተመርምራ ግን የተፈጥሮ መልኳ ሆኖ መገኘቱን አስፍሯል። ዛሬ ለንደን በሚገኘው ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ያለችው ይህች ሥዕል የተሠራችው ብርሃን በማያሳልፍ፣ ዛሬ ጉዋሽ ከምንለው ጋር በሚቀራረብ የውሃ ቀለም ነው። ማንሱርን አጭበርባሪ የሚለው ሰው ያለ አይመስለኝም።

ቅይጥ ሥራ ሲባል ምን ምን ይዋሐዳል? ቅደም ተከተሉስ እንዴት ነው?

ቅደም ተከተሉ የሥራው ዋና ጉዳይ በመሆኑ ጥቂት ማብራራት ያስፈልጋል። ደንቡ አጭር ነው፤ ውሃ የሚቀበለው ይቀድማል፣ ውሃ የሚገፋው ይከተላል። ሰም ወይም ዘይት ያለበት ነገር፣ ለምሳሌ ተራው ባለቀለም እርሳስና የዘይት ፓስቴል፣ አንድ ጊዜ ወረቀቱ ላይ ካረፈ በላዩ የሚቀባው የውሃ ቀለም እየተንከባለለ ይሸሻል እንጂ አይይዝም።

ስለዚህ በቅድሚያ ንድፉ በእርሳስ በስሱ ይወጣል። በብዕር መሥራት ከተፈለገ ቦታው እዚህ ላይ ሲሆን፣ የሚመረጠውም ከደረቀ በኋላ ውሃ የማያስለቅቀው ቀለም ነው፤ በተራ የጽሕፈት ቀለም የተሠመረ መስመር እርጥብ ብሩሽ ባረፈበት ቅጽበት ፈስሶ የእንስሳውን ፊት ያጨቀያል። ከዚያ የውሃ ቀለሙ ከብሩህ ወደ ጨለማ፣ ከስስ ወደ ወፍራም እየተደራረበ ይሄዳል። ጉዋሽ የሚመጣው የውሃ ቀለሙ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ነው፤ እርሱም በውሃ የሚሟሟ ስለሆነ በላዩ ደጋግሞ ብሩሽ ማሸት ሁለቱንም ያደፈርሳል። ባለቀለም እርሳስ ወረቀቱ ጨርሶ ሲደርቅ ይከተላል። ደረቅ ፓስቴል እጅ ሲነካው የሚረግፍ በመሆኑ ከሁሉ በኋላ ይቀመጣል፤ እንዳይረግፍ የሚይዘው ማጽኛ የሚረጭበት ከሆነም ቀለሙ ጥቂት እንደሚጨልም አስቀድሞ ማሰብ ነው።

አክሪሊክ በዚህ ተራ ውስጥ ለየት ይላል። ሲደርቅ ወደ ፕላስቲክነት ስለሚለወጥ ዳግመኛ በውሃ አይሟሟም፤ በመሆኑም በብዙ ውሃ ቀጥኖ እንደ መጀመሪያ ሽፋን ሲቀባ በላዩ የሚመጣው የውሃ ቀለም አያናውጠውም። በወፍራሙ የተቀባ እንደሆነ ግን ወረቀቱን ይደፍነዋል፣ ከዚያ ወዲያ የውሃ ቀለም አይቀበልም።

ለአንድ ሥዕል የውሃ ቀለምና ሁለት ረዳት ቁሳቁሶች በቂ ናቸው። ስድስትና ሰባት ዓይነት ነገር የተደራረበበትን ሥራ ቀረብ ብሎ የመረመረ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው ከሥር ያልተሳካውን የውሃ ቀለም ለመሸፈን የተደረገ ትግል ነው።

ምን ዓይነት ወረቀት ልጠቀም?

በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን ወረቀት መነሻ ይሁን። ከዚያ የሳሳው ውሃ ሲነካው ስለሚጨማደድ ቀለሙ በየስርጉዱ ይጠራቀማል። ከተቻለ ከጥጥ የተሠራው ይመረጣል፤ ከእንጨት ቃጫ የተሠራው ወረቀት ብሩሽ ሲደጋገምበት ገጹ ይላጣል፣ ለቅይጥ ሥራ ደግሞ መደጋገም አይቀርም። ገጹን በተመለከተ፣ ለስላሳው ለባለቀለም እርሳስና ለወፍ ላባ ይስማማል፤ መካከለኛ ሸካራው ለጭላዳ ጎፈርና ለበግ ጸጉር የተሻለ ነው፣ ደረቅ ብሩሽ ሲሳብበት የወረቀቱ እብጠቶች ብቻ ቀለም ስለሚይዙ ግማሹን ጸጉር ወረቀቱ ራሱ ይሠራዋል።

የጥጥ ወረቀት በአገር ውስጥ እንደልብ አይገኝም፤ ሲገኝም ውድ ነው። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለ ከቀለም ይልቅ ወረቀት ማስላክ ብልህነት ነው። መናኛ ቀለም በጥሩ ወረቀት ላይ ደህና ሥዕል ሊወጣው ይችላል፤ ተገላቢጦሹ ግን እምብዛም አይሳካም።

ስንት ቀለም ያስፈልገኛል?

ለደጋ እንስሳት አምስት ወይም ስድስት ቱቦ ይበቃል፦ የሎ ኦከር (አፈርማ ቢጫ)፣ በርንት ሲየና (ቀላ ያለ ቡናማ)፣ በርንት አምበር (ጥቁር ቡናማ)፣ አልትራማሪን ሰማያዊ፣ አንድ ቀይ እና አንድ ቱቦ ነጭ ጉዋሽ። አልትራማሪንና በርንት ሲየና ሲቀላቀሉ የሚሰጡት ግራጫ የእንስሳት ሠዓሊ የዕለት እንጀራ ነው፤ ሰማያዊው ሲያመዝን ቀዝቃዛ ጥላ፣ ቡናማው ሲያመዝን ሞቃት ጸጉር ይሆናል። በነገራችን ላይ የውሃ ቀለምን ዱቄት አጣብቆ የሚይዘው በአገራችን ቆላማ አካባቢዎችም የሚሰበሰበው የግራር ሙጫ ነው።

ጸጉር ሲሣል ሽቦ እየመሰለ ያስቸግረኛል። እንዴት ላለስልሰው?

ቀይ ቀበሮን እንውሰድ። ጀርባው፣ ጎኑና የእግሩ ውጫዊ ክፍል ቀይ ዳማ ነው፤ ጉሮሮው፣ ደረቱና ሆዱ ነጭ ሲሆን፣ የጅራቱ ጫፍ ጥቁርና ጥቅጥቅ ያለ ነው። አፉ ቀጭንና ረጅም፣ እግሩም ረጅም ስለሆነ ንድፉ ላይ እነዚህ ካጠሩ የተገኘው ውሻ ነው፤ ጸጉሩን አሳምሮ መሥራትም አያድነውም።

ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ ከተወሰነ በኋላ ነጩ ክፍል ደረቅ ሆኖ እንዲቀር እየተጠነቀቁ ቀይ የሚሆነውን አካል በንጹሕ ውሃ ያርጥቡት። በእርጥቡ ላይ መጀመሪያ የሎ ኦከር፣ ሳይደርቅም በጀርባውና በአንገቱ ላይ በርንት ሲየና ይጨምሩ፤ ከሆዱ በላይና ከትከሻው ሥር ባለው ጥላ ውስጥ ደግሞ ጥቂት አልትራማሪን ያስነኩ። በዚህ ደረጃ አንድም ጸጉር አይሣልም፤ የሚፈለገው የአካሉ ክብነት ብቻ ነው። የወረቀቱ አንጸባራቂ እርጥበት ጠፍቶ ገጹ ገና ቀዝቃዛ ሳለ፣ ቀዩ ከነጩ በሚገናኝበት ድንበር ላይ በቀጭን ብሩሽ ቀለሙን ወደ ነጩ በጸጉሩ አቅጣጫ ጎተት ጎተት ያድርጉት። ይህ ጊዜ አጭር ነው፤ ቀድሞ የተሳበው ጭረት ይፈርሳል፣ የዘገየው ደርቆ እንደ መስመር ይቀራል፣ በሰዓቱ የተሳበው ግን ለስላሳ ሆኖ ይይዛል።

ወረቀቱ ከደረቀ በኋላ የሚሣሉት ነጠላ ጸጉሮች ሳይሆኑ የጸጉር ጉንጉኖች ናቸው። ብሩሹን በጨርቅ ጨምቀው ጭራውን በጣት ይበትኑትና ቀለም አስነክተው አካሉ በሚታጠፍባቸው ቦታዎች ላይ ብቻ፣ ማለትም አንገቱ ከትከሻው በሚገናኝበት፣ በክርኑና በታፋው ላይ ይሳቡ። ቀለሙ በመጀመሪያው ሽፋን እንደ ቀጭን ሻይ፣ በዚህኛው እንደ ወተት፣ በመጨረሻዎቹ ጭረቶች ደግሞ እንደ ማር ይሁን። ነጠላ ጸጉር የሚመጣው በመጨረሻ ነው፤ በሹል ባለቀለም እርሳስ ወይም በቀጭን ብሩሽ፣ በፊቱ፣ በጆሮው ጠርዝና በአካሉ ዳር ላይ ብቻ።

ጸጉሩን ሽቦ የሚያስመስለው የጭረቶቹ እኩልነት ነው። በአፍንጫው አናት ላይ ጸጉሩ እጅግ አጭርና ወደ ኋላ የተኛ፣ በጉንጩ ላይ ወደ ታች የተዘረጋ፣ በጀርባው ላይ ረጅም ነው፤ ፊት ለፊት ወደ እኛ የሚመጣው ደግሞ ርዝመቱ አይታይም፣ ከነጥብ ያልበለጠ ምልክት ይበቃዋል። ሙሉ ብርሃን ባረፈበትና ሙሉ ጥላ በወደቀበት ቦታ ዓይናችን ነጠላ ጸጉር ስለማይለይ እዚያ መጫር ድካም ብቻ ነው።

ጢምና ነጭ ጸጉርን እንዴት ላስቀር?

ሦስት መንገድ አለ፤ እንደየቦታው ይመረጣል። የመጀመሪያው ፈሳሽ መሸፈኛ፣ ማለትም ሲደርቅ ቀለም ወደ ወረቀቱ የማያሳልፍ ልጣጭ የሚሆን ፈሳሽ ነው። ቀለም ከመቀባቱ በፊት ጢሙ በዚህ ፈሳሽ ይሠመራል፣ ሥራው ሲያልቅና ሲደርቅም በጣት ታሽቶ ይነሳል። ብሩሹ አስቀድሞ ሳሙና ካልነካ ፈሳሹ ጭራውን አጣብቆ ያበላሸዋል፤ በጸጉር ማድረቂያ ማሞቅና ለሳምንታት ሳያነሱ መተው ደግሞ ወረቀቱን ይዞ እንዲላጥ ያደርገዋል።

ሁለተኛው ሰም ነው። የነጭ ሻማ ጫፍ በወረቀቱ ላይ ሲሳብ ቀለሙ ያን መስመር ይዘለዋል፤ ለዋልያ ሆድና ለበግ ጀርባ ሸካራና ያልተጠበቀ ውበት ይሰጣል። ከንጹሕ የንብ ሰም የተሠራ ጧፍም ያገለግላል፣ ነገር ግን ቢጫነቱ በወረቀቱ ላይ ስለሚቀር የሚስማማው ሞቃት ብርሃን ላለው ሥዕል ነው። ሰም አንዴ ከተቀባ አይነሳም።

ሦስተኛው በመጨረሻ ነጭ ጉዋሽ መጨመር ነው። ከሰፊ ቦታ ይልቅ ለጥቂት ጭረቶች ብቻ ይጠቅማል፤ ከወረቀቱ ነጭ ጎን ሲቀመጥ ፈዘዝ ብሎ ይታያልና። ነጭ እንስሳ በሚሣልበት ጊዜ ደግሞ ጥላው ሰማያዊ ግራጫ፣ ከሣሩ ወይም ከአፈሩ የሚመለሰውን ብርሃን የሚቀበለው ሆዱ ሞቅ ያለ መሆኑን ማስታወስ ይገባል።

ለጥቁር ጸጉር የቱቦ ጥቁር ልጠቀም?

ባይጠቀሙ ይመረጣል። የቱቦ ጥቁር ብቻውን ሲቀባ ጠፍጣፋ ጉድጓድ ይፈጥራል። ወፍራም አልትራማሪን ከበርንት አምበር ጋር የሚሰጠው ጥቁር ውስጡ ቀለም ስላለው ይተነፍሳል። የጭላዳ ወንድ ጎፈር ከሩቅ ጥቁር ይመስላል፤ ቀርበው ሲያዩት ግን ጥቁር ቡናማ ሆኖ ወደ ጫፉ የሚነጣ ነው። የደረቱን ቀይ ባዶ ቆዳ ሲሥሉም ቀዩን በአንድ ጊዜ አያድምቁት፤ በስስ ሮዝ ጀምሮ ሁለትና ሦስት ሽፋን መደረብ ቆዳነቱን ያወጣዋል፣ በዙሪያው ያለው ነጣ ያለ ጸጉርም አስቀድሞ መጠበቅ አለበት።

ዓይኑ ሕይወት አልባ ሆኖብኛል። ምን ጎደለው?

ብዙውን ጊዜ የሚጎድለው ጥላ ነው። የላይኛው የዓይን ቆብ በዓይን ኳሱ ላይ ጥላ ይጥላል፤ ይህ ጥላ ከሌለ ዓይኑ ፊት ላይ የተለጠፈ ቁልፍ ይሆናል። ብልጭታው አንድ ብቻ ይሁን፣ ከወረቀቱም ይቅር። ዱረር በጥንቸሏ ዓይን ውስጥ የመስኮት ነጸብራቅ ሥሏል፤ ሜዳ ላይ የሚሣል እንስሳ ዓይን የሚያንጸባርቀው ግን ሰማይን ስለሆነ ብልጭታው ጥቂት ሰማያዊ ቢነካው ተገቢ ነው። የብሌኑን ቅርጽም ይለዩ፤ የዋልያ፣ የፍየልና የበግ አግድም ረጅም ነው፣ የቀበሮውና የጭላዳው ክብ ነው። የጭላዳ የዓይን ቆብ ከፊቱ ቆዳ ይልቅ የነጣ መሆኑም እንዳይዘነጋ።

በቡና መሳል ይቻላል?

ለልምምድ በጣም ጥሩ ነው፤ አንድ ቀለም ብቻ ስለሆነ ብርሃንና ጥላን ያስተምራል። ለሚሸጥ ሥራ ግን አይመከርም፣ በብርሃን የመጽናት አቅሙ እንደ ተመረጠ የቀለም ዱቄት አያስተማምንምና።

አዲስ አበባ ውስጥ በበጋ ቀለሙ ሳልጨርስ ይደርቅብኛል። መፍትሔ አለው?

ከተማዋ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በመሆኗ የበጋው አየር ደረቅ፣ ፀሐይዋም ኃይለኛ ናት። ወረቀቱን ከፊትም ከጀርባም አርጥቦ ውሃ በማያስገባ ሰሌዳ ላይ መለጠፍ ጊዜ ይሰጣል፤ ትንሽ የውሃ መርጫ ጠርሙስ አጠገብ ማኖርም እንዲሁ። ከመስኮት ከሚገባ ቀጥተኛ ፀሐይ መራቅ ለዓይንም ለቀለሙም ይበጃል። በክረምት ችግሩ ይገለበጣል፤ ያን ጊዜ የደረቀ የመሰለው ወረቀት ውስጡ እርጥብ ሆኖ ይቆያልና በእጅ ጀርባ ነክቶ ቅዝቃዜው መጥፋቱን ሳያረጋግጡ ባለቀለም እርሳስ ማሳረፍ ገጹን ይቀደዋል።

ከኢንተርኔት ያገኘሁትን ፎቶግራፍ አይቼ ብሥል ችግር አለው?

ለግል ልምምድ የሚያስቸግር አይደለም። ለሽያጭ ወይም ለዐውደ ርእይ ከሆነ ግን ፎቶግራፍ የባለቤቱ ሥራ ነው፤ በአገራችንም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለፎቶግራፍ ሥራዎች ጥበቃ ይሰጣል። ስለዚህ ፈቃድ መጠየቅ ወይም በራስ ፎቶ መሥራት ያስፈልጋል።

ከሕጉ ባሻገር የሥዕሉ ጉዳይ አለ። በስልክ ከቅርብ የተነሣ ፎቶ አፍንጫን አግንኖ ጆሮን ያሳንሳል፣ ጥላውንም ወደ አንድ ጥቁር ይለውጠዋል፤ ይህን የሚያርመው ከሕያው እንስሳ የተሠራ ንድፍ ነው። ጭላዳ ለዚህ የተመቸ ነው፤ በስሜንም ሆነ በደብረ ሊባኖስ ገደል አካባቢ ሣር እየነጨ ለረጅም ጊዜ ተቀምጦ ይውላል። በባሌ ሳነቴ አምባ ቀይ ቀበሮን ማየት የሚቻል ሲሆን፣ በዓለም ላይ የቀሩት ወደ 500 ገደማ እንደሆኑ ስለሚገመት ለሥዕል ብሎ ማሳደድ ነውር ነው፤ በርቀት ሆኖ በመነጽር ማየት ይበቃል። መንገድ የማይመቸው ሰው በአራት ኪሎ የሳይንስ ፋኩልቲ ግቢ በሚገኘው የእንስሳት ተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የደረቁ እንስሳትን ቀርቦ መሳል ይችላል። የቀንድን አወጣጥና የሰኮናን ቅርጽ ለማጥናት ከዚህ የተሻለ ዕድል የለም፤ የደረቀ እንስሳ አቋም ግን ባለሙያው የሰጠው ስለሆነ እርሱን እንዳለ አይቅዱ።

የተሳሳተ ቀለም ማንሳት ይቻላል?

ቀለሙ ወረቀቱን የማይነክር ከሆነ፣ ለምሳሌ አልትራማሪን፣ በእርጥብ ብሩሽ አሽቶ በሶፍት መምጠጥ ይቻላል። ዘልቀው የሚነክሩ ቀለሞች ግን ጨርሰው አይለቁም። ያልለቀቀው ቦታ በጉዋሽ ወይም በባለቀለም እርሳስ ወደ ጸጉር ይለወጣል።

የተጠናቀቀው ሥራ እንዳይደበዝዝ ምን ላድርግ?

ጥበቃው ከቀለም ምርጫ ይጀምራል። በቱቦው ላይ የብርሃን ጽናቱ ዝቅተኛ መሆኑ የተመለከተ ቀለም፣ ለምሳሌ አሊዛሪን ክሪምሰን የሚባለው ጥንታዊ ቀይ፣ ለሚሸጥ ሥራ አይግባ። ሥዕሉ የሚለጠፍበት ካርቶንም ሆነ በዙሪያው የሚቆረጠው ክፈፍ ከአሲድ ነጻ ይሁን፤ ተራ ካርቶን ወረቀቱን ያቢጨዋል። ሥዕሉ በመስታወት ሲሸፈን መስታወቱ ከቀለሙ እንዳይነካካ ክፈፉ ክፍተት መፍጠር አለበት፣ በተለይ ፓስቴል የተጨመረበት ከሆነ። የሚሰቀልበትም ግድግዳ ቀጥተኛ ፀሐይ የማያርፍበት ይሁን፤ የአልበርቲና ሙዚየም የዱረርን ጥንቸል ለሕዝብ የሚያሳየው ከስንት አንዴ ብቻ የሆነው በዚሁ በብርሃን ምክንያት ነው። ባለቀለም እርሳስ በብዛት ያረፈበት ሥራ ከሳምንታት በኋላ ገጹ ላይ ነጣ ያለ የሰም ጭጋግ ሊታይበት ይችላልና መስታወት ከመግጠም በፊት በለስላሳ ጨርቅ ቀስ ብሎ መጥረግ ነው።